«ዱ ዩ ረን ኦን ሰንደይስ?» ጀልባም ይሮጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር በጀልባ ሥራ ነው የምተዳደረው፤ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እናመላልሳለን። በቀደም አንዲት ፈረንጅ ወደቡ ላይ ቀርባ ‹ዱ ዩ ረን ኦን ሰንደይስ?› አለችኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ፣ ስፖርትም እንደማልሠራ ነገርኳት። ፈገግ ብላ ሄደች፤ እሁድ ዕለት ሌላ ጀልባ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መዝገበ ቃላቱ ‹ረን› (run) ለሚለው ቃል ‹ሮጠ› ብቻ ነው የሚለው። ስልኬ ላይ ስፈልግ ደግሞ ይህ ቃል ከስድስት መቶ በላይ ትርጉም አለው የሚል አነበብኩ። ይህን ሁሉ ማን ይይዘዋል? ‹ወርክ› እና ‹ጎ› እያልኩ ባልፈው አይበቃኝም?»

ምላሽ፦ ሴትዮዋ የጠየቀችዎ «እሁድ ትሠራላችሁ?» ብላ ነው። «ዩ» ስትልም እርስዎን ለብቻዎ ሳይሆን የጀልባ አገልግሎታችሁን ነው። አውቶቡስም ባቡርም ጀልባም፣ በሰዓትና በመስመር የሚመላለስ ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ «ረን» ያደርጋል። መልሱ «ዬስ፣ ዊ ረን ኤቭሪ ዴይ» ወይም «ኖ፣ ዊ ዶንት ረን ኦን ሰንደይስ» ነበር። በእኛ አገር ቃሉ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣልን ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ያለው የሯጭ መዓት ነው፤ ጀልባ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ያነበቡት ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ግን ያስፈራዎት ያለ አግባብ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግሡን ብቻ መርምረው 645 ትርጉም ቆጥረውለታል፤ ቀደም ሲል በዚህ የሚታወቀው «ሴት» (set፣ አስቀመጠ) የሚለው ግሥ ነበር። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የተቆጠረው በዘመናት የሞተውም፣ የአደንና የቁማር ቋንቋውም፣ የአንድ ሙያ ሰዎች ብቻ የሚያውቁትም ነው። እንግሊዛዊውም ሁሉንም አያውቃቸውም። ለወደብ ሥራ ሃያ ያህሉ ይበቃሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከአራት አምስት ቤት አይበልጡም።

ደግሞ አማርኛችንን እንከን የለሽ አድርገን እንግሊዝኛን አንክሰስ። «ያዘ» የሚለውን ይመልከቱ። ፖሊስ ሌባ ይይዛል፣ ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፣ ጨርቅ ቀለም ይይዛል፣ ስልክ ይያዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል፣ ተማሪው ትምህርቱን ይይዛል። ራስዎም «ማን ይይዘዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ያዘ ማለት በእጅ መጨበጥ ነው» ብሎ ቢጀምር፣ ጉንፋን እጅ ያለው ይመስለዋል። እርስዎ አንዱንም ሳይሸመድዱ የሚለዩት ከጎኑ ያለውን ቃል አይተው ነው። «ረን»ም የሚፈታው እንዲሁ ነው።

የቃሉ ሥር ሩጫ ብቻ አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለሰው እግርም ለሚፈስ ውሃም ይነገር ነበር፤ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛ «ሪነን» ዛሬም የሚለው «ፈሰሰ» ነው። ስለዚህ ልብ ውስጥ ማስቀመጥ የሚገባዎ ሥዕል ላቡ የሚንጠፈጠፍ አትሌት ሳይሆን፣ መስመሩን ይዞ ሳያቋርጥ የሚሄድ ነገር ነው። ውሃ በቦዩ፣ ጀልባ በመስመሩ፣ ሞተር በዙሩ፣ መንገድ በሐይቁ ዳር፣ ሥራ በአሠራሩ። ማሽን ሲበዛ ቃሉ ለማሽንም በሰፊው ይነገር ጀመር፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ሳይቀር «ረን» ያደርጋል።

እንግዲህ ቃሉን ሲሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው የሚረነው?» ይሁን (ግሡን በአማርኛ ማርባቴን ይቅር ይበሉኝ)። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ከኋላው ምንም ከሌለ፣ ያን ጊዜ ሩጫ ነው። ባለቤቱ ሞተር ከሆነ መሥራት፣ ተሽከርካሪ ወይም ጀልባ ከሆነ መመላለስ፣ ውሃ ወይም ወንዝ ከሆነ መፍሰስ፣ መንገድ ከሆነ መዘርጋት፣ ስብሰባ ወይም ፕሮግራም ከሆነ መቀጠል ነው። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ከኋላው ድርጅት፣ ሆቴል ወይም ሱቅ ከመጣ ደግሞ ማስተዳደር ነው። የእርስዎን ጥያቄ ያከበደው «ዩ» የሚለው ሰውም አገልግሎትም መሆን መቻሉ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳዎ ቦታው ነው፤ ወደብ ላይ ቆሞ የጀልባ ባለሙያን ስለ ስፖርቱ የሚጠይቅ መንገደኛ የለም።

«ወርክ» ብቻ አይበቃም ወይ ላሉት፣ አይበቃም። ችግሩ የሚመጣው አማርኛው «ይሠራል» ብሎ ሁሉንም ስለሚጠቀልል ነው። «ዘ ቦት ወርክስ» ቢሉ የሚሰማው «ጀልባው አልተበላሸም» ተብሎ ነው። «ዘ ቦት ዳዝንት ወርክ ኦን ሰንደይስ» ካሉ ደግሞ ጀልባዎ እሁድ እሁድ የሚበላሽ ያስመስላል። ላለመበላሸቱ «ወርክ»፣ ለጉዞው «ረን» ይበሉ። ሱቅና ሆቴል «እሁድ ይሠራል» ሲባል ሌላ ነው፤ እሱ «ኦፕን» ነው። «ጎ» ይሻላል፤ «ዊ ጎ ቱ ዘጌ ኤቭሪ ዴይ» ማንም የሚረዳው ትክክለኛ ንግግር ነው። ግን እርስዎ ቢጠቀሙበትም፣ ጎብኚው «ረን» ማለቱን አይተውልዎትም፤ ለመስማት የግድ ያስፈልግዎታል።

የጊዜው አነጋገር ዋጋ አለው። «ዱ ዩ ረን?» ስለ ልማድ ይጠይቃል፤ በአጠቃላይ ትሠራላችሁ ወይ ነው። «አር ዩ ረኒንግ ቱዴይ?» ስለ ዛሬ ነው፤ ነፋስ አለ፣ ማዕበል አለ፣ ዛሬ ትወጣላችሁ ወይ እያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ የሚመጣልዎ ጥያቄ ይኸኛው ነው፤ መልሱም «ኖት ናው፣ ቱ ዊንዲ፤ ዊ ረን አጌን ቱሞሮ ሞርኒንግ» ሊሆን ይችላል። ሰዓት ሲናገሩ ደግሞ ከቃሉ በላይ የሚያጣላው የእኛ አቆጣጠር ነው። «ዘ ፈርስት ቦት ረንስ አት ቱ» ብለው ጠዋት ሁለት ሰዓትን ካሰቡ፣ ሰውየው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይመጣል። ስድስት ሰዓት ጨምረው «ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይበሉት።

«ረን አውት ኦፍ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጣና ዳር ለሚሠራ ሰው ክፉው ወጥመድ እዚህ ነው። «ዊ ራን አውት ኦፍ ፊውል» ማለት «ነዳጅ አለቀብን» ነው። አማርኛው ያለቀውን ነዳጁን ባለቤት ያደርጋል፤ እኛ «ብን» ውስጥ ተሸጉጠናል። እንግሊዝኛው በተቃራኒው ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ነዳጁን ወደ ኋላ ይጥላል። አማርኛውን ተከትሎ «ዘ ፊውል ራን አውት ኦፍ አስ» የሚል ሰው ነዳጁ ከሰውነታችን ፈልቆ ወጣ እያለ ነው። ነዳጁን ማስቀደም ከፈለጉ «ዘ ፊውል ራን አውት» ብለው እዚያው ያቁሙ፤ በዚህ ትርጉም «ኦፍ» የምትመጣው ነገሩ ያለቀበት ሰው ወይም ጀልባ ሲቀድም ብቻ ነው። ሰው ቀድሞ «ኦፍ» ከተረሳች፣ ማለትም «ዊ ራን አውት ፊውል» ከተባለ፣ ሰዋስዉ ይሰበራል፤ አድማጭ ቢገምተውም።

አሁን ወጥመዱን ይመልከቱ። አስጎብኚ ጓደኛዎ የዓባይን መውጫ እያሳየ «ዘ ብሉ ናይል ረንስ አውት ኦፍ ሌክ ታና» ቢል ትክክል ነው። ትርጉሙ «ዓባይ ከጣና ይወጣል» እንጂ «ዓባይ ጣና አለቀበት» አይደለም። ቃሎቹ ያው ናቸው፤ «ረን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»። የለያቸው ባለቤቱ ነው፤ ወንዝ ይፈስሳል፣ ሰው ደግሞ ነገር ያልቅበታል። ከ«ኦፍ» በኋላ የመጣውም ይረዳል፤ ሐይቅ ቦታ ነው፣ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር ነው። እንዲህም ሆኖ እኔ ለወንዙ «ፍሎውስ አውት ኦፍ» እንዲሉ እመክራለሁ፤ ምንም አያጣላም። ርዝመት ሲናገሩ ግን «ረን» ጥሩ ነው። ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ እስኪገናኝ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ «ኢት ረንስ ፎር» ብሎ ቁጥሩን ማስከተል ነው። «ዘ ሮድ ረንስ አሎንግ ዘ ሌክ»ም መንገዱ ሐይቁን ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው፤ ማንም አልሮጠም።

ከዚሁ ጋር «ረኒንግ ሎው»ን አብረው ይያዙ፤ መለየቱ የደህንነት ጉዳይ ነውና። «ዊ አር ረኒንግ ሎው ኦን ፊውል» ነዳጁ እያነሰ ነው፣ ሊያልቅ ነው ማለት ነው፤ ገና አለ። «ዊ አር አውት ኦፍ ፊውል» ግን ጠብታ የለም። ሐይቁ መሃል ላይ ለተሳፋሪ የመጀመሪያውን ማለት ሲገባዎ ሁለተኛውን ካሉ፣ ጀልባው ውስጥ የሚነሳውን ጫጫታ ይገምቱት። የመጠጥ ውሃ፣ ቡና፣ ትኬት፣ ዝርዝር ብር ሁሉ በዚሁ ይነገራል። «ታይም»ም እንዲሁ ነው፤ «ዊ አር ረኒንግ አውት ኦፍ ታይም» ጊዜው ሊያልቅብን ነው፣ «ዊ አር ረኒንግ ሌት» ግን ዘግይተናል ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሰማ አንድ ሰው ጫማውን ሊያጠብቅ አይገባም።

ሞተሩ በምን ይሠራል ሲባል «በ» የምትለው ፊደላችን ታሳስታለች። «በናፍጣ ይሠራል» ለማለት ብዙ ሰው «ኢት ረንስ ባይ ዲዝል» ወይም «ዊዝ ዲዝል» ይላል። ትክክሉ «ኢት ረንስ ኦን ዲዝል» ነው፤ ሞተሩ ነዳጁ ላይ ተደግፎ የሚሄድ ይመስል። ቤንዚን ደግሞ በእንግሊዝኛ የዚህ ነዳጅ ስም አይደለም። በእንግሊዞቹ «ፔትሮል»፣ በአሜሪካኖቹ «ጋስ» ይባላል፤ «ቤንዚን» ቢሏቸው የማጽጃ ፈሳሽ ሊመስላቸው ይችላል። መካኒክ «ዶንት ረን ኢት ድራይ» ካለዎ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውሃ ወይም ዘይት ሳያገኝ አታስነሳው ማለቱ ነውና በቁም ነገር ይውሰዱት።

አደጋ ነክ የሆኑትን በአጭሩ። «ራን አግራውንድ» ጀልባዋ ከታች መሬት ነክታ ተቀመጠች ነው። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩም ደለል ስለሞላው፣ ይህ ሐረግ ይፈለጋል። «ራን ኢንቱ» መጋጨት ነው፤ ድንጋይ ከሆነ ድንጋይ፣ እንቦጭ ከሆነ እንቦጭ። ነገር ግን «አይ ራን ኢንቱ ዩር ብራዘር» ካለዎ ወንድምዎን ገጭቶ አይደለም፤ ድንገት አገኘው ማለቱ ነው፤ ሲሰሙ አይደንግጡ። «ራን ኦቨር» ግን በሰው ላይ ሲሆን ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ተሽከርካሪ ሰውን ረገጠው ማለት ነው። «ኢንቱ» እና «ኦቨር»ን ያቀያየረ ሰው የሰላምታ ወሬውን የፖሊስ ጉዳይ ያደርገዋል።

ከወደቡ ወጥተው ከተማ ሲገቡ ቃሉ መልኩን ይቀይራል። እንግዳ ማረፊያ ውስጥ «ኢዝ ዜር ረኒንግ ወተር?» የሚል ሰው የሚጠይቀው የቧንቧ ውሃ መኖሩን ነው። መስኮቱን ከፍተው ዓባይን ቢያሳዩት፣ ውሃው ምንም ያህል ቢፈስስ መልስ አይሆንም። ገበያ ላይ ጥለቱ ያማረ ነጠላ አንስታ «ዊል ዘ ከለር ረን?» የምትል ሴት «ቀለሙ ይለቃል ወይ?» እያለች ነው፤ የማይለቅ ከሆነ «ኖ፣ ኢት ዎንት ረን፣ ዋሽ ኢት ኢን ኮልድ ወተር» ማለት ጥሩ መሸጫ ነው። የሚለቅ ከሆነ ደግሞ አይዋሹ፤ ነጩ ልብሷ ላይ ሲታይ ዞራ ትመጣለች። «ረኒ ኖዝ» ንፍጥ ነው፤ ፋርማሲ ያለ ሰው ይፈልገዋል። «ረን ኢት ባይ ዘ ማናጀር» ለሥራ አስኪያጁ አንዴ አሳየው፣ አስተያየቱን ስማ ማለት ነው። «ስሪ ዴይስ ረኒንግ» ሦስት ቀን በተከታታይ፣ «ኢን ዘ ሎንግ ረን» ውሎ አድሮ ነው። ሌሎቹን ሲመጡ ይተዋወቋቸዋል።

ሁለት ነገር ግን በአፍዎ እንዳይገባ። የመጀመሪያው «አይ ረን ዚስ ሆቴል» ነው። በሆቴሉ ውስጥ የሚሠራ አስተናጋጅ ወይም ሹፌር ይህን ካለ፣ ሆቴሉን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ብሎ ነው የተናገረው። በሥራ ማመልከቻ ላይ የተጻፈ እንደሆነማ ሐሰት ሆኖ ይቆጠራል፤ ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው «አይ ወርክ አት» ነው ትክክሉ። ሁለተኛው «አይ አም ኦን ዘ ረን» ነው። ሩጫ ላይ ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል ለማለት ከአማርኛው በቀጥታ ተወስዶ ሲነገር እሰማለሁ። ፈረንጅ የሚረዳው ከፖሊስ እየሸሸ ያለ ሰው ነው። ሥራ በዝቶብኛል ለማለት «ቢዚ» በቂ ነው።

አነባበቡን ካልያዙ ይህ ሁሉ ይበላሻል። የአሁኑ ጊዜ «ረን» ነው፤ «ረሳ» ስንል እንዳለችው «ረ» አጭር። ያለፈው «ራን» ነው፤ አፍ ሰፋ ብሎ፣ በ«ራ» እና በ«ሬ» መካከል። ከ«ሃቭ» ጋር ሲመጣ ተመልሶ «ረን» ይሆናል፤ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ወተር» እንጂ «ዊ ሃቭ ራን» አይባልም። ወደቡ ላይ የሚያምታታው ሌላው ድምፅ «ሬንት» ነው፤ ማከራየት። «ዱ ዩ ሬንት ቦትስ?» ጀልባ ታከራያላችሁ ወይ ነው፣ «ዱ ዩ ረን ቦትስ?» ጀልባ ታመላልሳላችሁ ወይ ነው፤ በዋጋ ድርድር ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። መጨረሻ ላይ «ት» ተሰማ አልተሰማ ብለው ያድምጡ። ካልተሰማዎ «ሬንት ዘ ሆል ቦት፣ ኦር ጎ ዊዝ አዘር ፒፕል?» (ጀልባውን ሙሉውን ይከራያሉ ወይስ ከሌሎች ጋር ይሄዳሉ?) ብለው ይጠይቁ። ማስታወቂያ ሲያጽፉ ደግሞ «ረኒንግ» ላይ «ኤን» የምትባለው ፊደል መሃል ላይ ትደገማለች፤ ሠሌዳ ጸሐፊዎች አንዷን ሲበሏት አያለሁ።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? የ645ቱን ዝርዝር ፈልጎ መሸምደዱን ይተዉት፤ በሳምንት ውስጥ ይበተናል፤ ቢቀርም አይጠቅምም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብቻ የሚተረጉም ኪስ መዝገበ ቃላት ለዚህ ቃል አይሆንም፤ ለአንድ ቃል አንድ አቻ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ለተማሪ የተዘጋጀ፣ በየትርጉሙ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይያዙ። ሲያዩትም «ረን» ላይ አይጀምሩ፤ «ረን አውት»፣ «ረን ኢንቱ» የሚሉትን በየራሳቸው ይፈልጉ። በስልክ ሲያስተረጉሙ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ያስገቡ። ያም ሆኖ የስልክ ትርጉም «ዘ ቦት ረንስ»ን «ጀልባው ይሮጣል» ሊልዎ ይችላልና፣ ባለቤቱን አይተው ይፍረዱት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ትንሽ ደብተር ነው። አንድ ገጽ ለጀልባና ለሞተር፣ አንድ ገጽ ለሚያልቅ ነገር፣ አንድ ለውሃና ለመንገድ፣ አንድ ለአስተዳደር ይስጡ። ጎብኚ የተናገረውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በሰሙበት ዕለት በየገጹ ይጻፉ፤ ጎኑ ላይ የአማርኛውን ግሥ ያድርጉ፤ ይሠራል፣ ይመላለሳል፣ አለቀ፣ ይፈስሳል፣ ያስተዳድራል። አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲሞላ የወደቡን ንግግር አብዛኛውን ይሸፍንልዎታል። ያልገባዎት ሲመጣ ዝም ብለው «ዬስ» አይበሉ፤ «ዱ ዩ ሚን ዘ ቦት?» ብለው ጀልባውን በእጅዎ ያሳዩ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የመጀመሪያ መስመር የሴትዮዋ ጥያቄ ይሁን፤ ከሥሩም የእሁድ የመነሻ ሰዓታችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉበት።